ሰላምታ ያልቀደመው ኢሜይል

ለከሚሴና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች፣ በአስፋልታችን ሽው ብለው ለሚያልፉ የደሴና የአዲስ አበባ መንገደኞች፣ እንዲሁም ለመላው የሰው ዘር፦ መሥሪያ ቤታችን ለአንድ ኢሜይል መልስ መስጠቱን ስናበስር የሚሰማን ኩራት ከፍ ያለ ነው።

ይህ ቀላል ነገር የሚመስለው ሰው የመሥሪያ ቤታችንን ታሪክ የማያውቅ ነው። የኢሜይል አድራሻችን በበራችን ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ ዓመታት አልፈዋል። ቀለሙ እንዳይደበዝዝ ለዒድ ለዒድ ይታደሳል። ሕዝቡ እያነበበው ያልፋል። ባጃጅ የተሳፈረ ሰው «ኢሜይሉ ጋ አውርደኝ» ካለ ነጂው የት እንደሚያወርደው አይጠፋውም። አንድ ኢሜይል ከዚህ በላይ ምን አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል? ይከፈታል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

የከፈተችው ሳቢራ ናት። ሳቢራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስትሆን ሥራዋን ትወዳለች፤ በዚህም ጠባይዋ መሥሪያ ቤቱን ብዙ አስቸግራለች። እሁድ እሁድ ሰንበቴ የከብት ገበያ ትውላለች። ከአፋር ቆላ ግመልና ፍየል የነዳው፣ ከደጋ በሬ ይዞ የወረደው እዚያ ይገናኛል። ከብቱ ሁሉ ውሃ ጠምቶት ይደርሳል፤ የገበያው ገንዳ ግን ተሰንጥቆ ከደረቀ ቆይቷል። ስለዚህ ከብቱ ከመንገድ ዳር ቦይ ይጠጣል፣ ከቦዩ የጠጣው ይታመማል፣ የታመመውን ደግሞ ሳቢራ ሳምንቱን ሙሉ ስታክም ትሰነብታለች። «አዲስ ገንዳ ቢኖር እኮ» የሚለውን ንግግሯን እኛ ባልደረቦቿ እንደ ግድግዳ ሰዓት ድምፅ ለምደነው፣ መስማት ካቆምን ሰነባብተናል።

በአንድ ረቡዕ ጠዋት ታዲያ የኮምፒዩተር ባለሙያችንን ሪድዋንን ለምና ፓስወርዱን ከካዝና አስወጣችው። ፓስወርዱ በፖስታ ታሽጎ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ከመሥሪያ ቤቱ ይዞታ ማረጋገጫ ጋር ነበር የሚቀመጠው። የኢሜይሉን ሳጥን ስትከፍት ከአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ ወይዘሪት ዓዲላ ከምትባል ሠራተኛ የተላከ መልእክት አገኘች። ድርጅቱ በሰንበቴ የከብት ገበያ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውሃ ገንዳ ሊሠራ አስቧል። መሥሪያ ቤቱ ገንዳውን የሚፈልግ ከሆነ እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ያሳውቅ፤ «ይፈለጋል» የምትል አንዲት ቃል ትበቃለች። መልስ ካልመጣ ገንዳው ለሌላ ዞን ይሰጣል።

ሳቢራ ደረጃውን እየዘለለች ኃላፊያችን አቶ አብዱልጀባር ቢሮ ገባች። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት አቶ አብዱልጀባር ለጉዳዩ እንግዳ አለመሆናቸው ነው። «ውጤታማ የኢሜይል አጠቃቀም» የተባለ ሥልጠና ወስደው፣ የምስክር ወረቀታቸውን በመስታወት አሠርተው ከራሳቸው በላይ ሰቅለውታል። አጭር ጻፍ፣ ቶሎ መልስ፣ ለማይመለከተው አትላክ፤ ይህን ሁሉ በቃላቸው ይወጡታል። በሥራ ላይ ያላዋሉት እንዳያልቅባቸው ብለው ነው።

«ጋሼ፣ አንዲት ቃል ናት» አለች ሳቢራ። «አሁኑኑ ልላካት።»

«ሰላምታውስ?»

«ሰላምታ አልጠየቁም።»

«ሰላምታ ተጠይቆ ነው እንዴ የሚሰጠው? አባትሽ ሰው ቤት ሲገቡ ‹ይፈለጋል› ብለው ነው የሚገቡት?»

«ጋሼ፣ አርብ እኮ ደረሰ።»

«አብሽሪ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። በኛ አገር ሰላምታ የማይቀድመው መልእክት ሁለት ነው፤ መርዶና ፍቺ። ልጅቱ ምን በደለችን?»

ክርክሩ እዚህ ላይ በሳል በሆነ መንገድ ተቋጨና የሰላምታ አርቃቂ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሐሙስን ሙሉ ሠራ። በ«አካም ጅርቱ» ይጀመር ወይስ በ«እንደምን ከረማችሁ» በሚለው ላይ ከምሳ በፊት ያለው ጊዜ አለፈ፤ ሁለቱም እንዲገቡ፣ የቀረ እንዳይቀየም «አሰላሙ ዓለይኩም» እንዲቀድማቸው ተወሰነ። ከምሳ በኋላ የከብቱ ጉዳይ ተነሣ። ሰው ጤናው ተጠይቆ ከብቱ ሳይጠየቅ አይታለፍም፤ ነገር ግን ወይዘሪት ዓዲላ የአዲስ አበባ ሰው እንደመሆኗ ከብት ላይኖራት ይችላል። ከጠየቅናት የሌላትን ማስታወስ ይሆናል፤ ካልጠየቅናት ደግሞ እንደሌላት አውቀን መናቅ። ብዙ ከተደከመ በኋላ «ከብቱም፣ ከብት ከሌለም በከብት ፋንታ ያለው ነገር ሁሉ እንደምን ነው?» የሚለው በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ከዚያ ዱዓው ተከተለ። ለእሷ፣ ለቤተሰቧ፣ ለድርጅቷ፣ ለድርጅቷ መኪኖች፣ በተለይም ለጎማዎቻቸው። ጉዳዩ በሚለው ቦታ ላይ «ሰላምታን ይመለከታል» ተባለ። «ይፈለጋል» የምትለዋን ቃል በተመለከተ ፊት ለፊት መቀመጧ ስስት ስለሚያስመስል፣ በሌላ ወረቀት ተጽፋ በአባሪነት እንድትሄድ ተደረገ።

አርብ ጠዋት ሰነዱ ወደ መዝገብ ቤት ኃላፊዋ ወደ አሻ ወረደ። አሻ ማኅተም ያላረፈበት ነገር ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ሪድዋን ኢሜይል ማኅተም እንደማይመታበት ሊያስረዳት ሞከረ። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች በጥሞና ከሰማችው በኋላ እስክሪኑ ላይ መታችው። ማኅተሙ እስከ ዛሬ አለ። በዚያ ኮምፒዩተር የሚጻፍ ሁሉ ገና ሳያልቅ ማኅተም አርፎበት ስለሚታይ ሥራችን በእጅጉ ተቀላጥፏል።

ቀጥሎ የግልባጭ ጉዳይ መጣ። ሳቢራ መልሱ ለወይዘሪት ዓዲላ ብቻ ቢሄድ ምን እንደሚጎድል ጠየቀች።

«ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ምስክር የሌለው ኒካህ ነው» አለቻት አሻ።

ስለዚህ ግልባጭ ለዞኑ መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ ለወረዳዎች፣ ለሠራተኛው በሙሉ፣ እንዳይከፋቸው ተብሎም በጡረታ ለተገለሉት፣ እንዲሁም አንድ ጊዜ ፕሪንተር ለሸጠልን የባቲ ነጋዴ ተደረገ።

ኢሜይሉ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሄደ። ሪድዋን «ላክ» የሚለውን ሲጫን ቆመን አጨበጨብን። ጭብጨባው ሲበርድ ሳቢራ አሻን አየቻት።

«እጅሽ ላይ ያለው ምንድነው?»

«አባሪው ነዋ» አለች አሻ። «ለመዝገብ የሚቀረውን ቅጂ ማኅተም እየመታሁበት ነው፤ ከሶላት መልስ ይሄዳል።»

እንግዲህ ወይዘሪት ዓዲላና በዞኑ ያለ ባለ ኢሜይል ሁሉ የደረሳቸው ሰላምታና ዱዓ ብቻ ነበር። ለዱዓ ደግሞ መልሱ አንድ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ የሚቀር ዱዓ በኛ አገር የለም፤ የሰማ ሁሉ ያነሳዋል። የመጀመሪያው «አሚን» ከአንዱ ወረዳ ገባ። ለእያንዳንዱ ሰው በየፊናው አሚን ማለት ስስት፣ ለአንዱ ብቻ ማለት ደግሞ አድልዎ ስለሆነ «ለሁሉም መልስ» ተብሎ ነበር የተላከው። ከዚያ «አሚን ያረብ» መጣ። «አሚን፣ ጁምዓ ሙባረክ» መጣ። ለጁምዓ ሙባረኩ መልስ መጣ። የየመሥሪያ ቤቱ ስልክ በያለበት ቲን ቲን እያለ ዞኑ በሙሉ እንደ ባጃጅ መነኸሪያ ደመቀ።

ወይዘሪት ዓዲላ ለሁሉም ጻፈች፦ «ዱዓችሁ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ገንዳው ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም?»

«አሚን» አሉ አንድ ጡረተኛ።

ልጅቱ ትንሽ ቆይታ፣ እባካችሁ ሥራ መሥራት አልቻልንም፣ መልእክቱ ይቁምልን ስትል ለመነች። ይህን ያነበበው ሁሉ ክፉኛ ደነገጠ። ሰው አስቀይሞ ዝም አይባልምና «እህታችን፣ አውፍ በይን» የሚለው ይቅርታ ይጎርፍ ጀመር፤ የተበደለችው እሷ ብቻ መሆኗ ስላልተረጋገጠ አውፉም ለሁሉም ነበር። እሷ «ችግር የለም» ብላ በሠራችው ስሕተት ለሱም ምስጋና ጎረፈ። በዚህ መሐል የባቲው ነጋዴ አዲስ ፕሪንተር ማስገባቱን ገለጸ። አንዱ ባልደረባችን ሕዝቡ ተሰብስቦ እያለ በሚል የወንድሙን ኒካህ ጠራ፤ ዞኑ በአንድ ቃል «ሙባረክ» አለው። ሶላት ሰግደን ስንመለስ ሳጥናችን ሞልቷል፤ አይልክም፣ አይቀበልም።

«ጥቂት አሚን ላጥፋና ቦታ ይገኝ» አለች ሳቢራ።

«አሚን ይጠፋል እንዴ?» አለች አሻ። አቶ አብዱልጀባርም ሰነድ ማጥፋት የሚችለው የሰነድ አስወጋጅ ኮሚቴ ብቻ መሆኑን፣ የኮሚቴው ሰብሳቢም ባቲ ለቅሶ መሄዳቸውን አስታወሱ። ሳቢራ እንግዲያው ከራሴ ስልክ ልላክ አለች። እሳቸው ጣታቸውን አንሥተው፣ በመሥሪያ ቤቱ ስም ከግል አድራሻ መላክ በሕግ እንደሚያስጠይቅ፣ እሷ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ ማኅደሯ ውስጥ እንዳለ፣ በሁለተኛው ከሥራ እንደምትታገድ ገለጹ። «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ያን አያደርግም» አሉ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆነ። ሳቢራ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስለ ገንዳው ሳትናገር ስትቀር ያየናት ያን ቀን ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ሲቆም እንደሚባንን ሰው ሁላችንም ቀና አልን። አቶ አብዱልጀባር ከበራቸው ላይ ቆመው ትንሽ አዩዋት። ከዚያ የጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ ብለው ወደ ጓሮ ወጡና እዚያው ቆዩ። የሚያደርጉት ጫማ ማሰሪያ የለውም።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። እሁድ ሳቢራ ሰንበቴ ዋለች፤ ከብቱም ከቦዩ ጠጣ።

በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና ፓምፕ፣ የፀሐይ ሰሌዳና ሲሚንቶ ጭኖ በራችን ላይ ቆመና ሰንበቴ በየት በኩል ነው ሲል ጠየቀ። ገንዳው ተፈቅዷል። ሳቢራ መኪናው ላይ ከሲሚንቶው ጋር ወጥታ ሄደች። ፈቃድ አልጠየቀችም፤ የጠየቃትም የለም።

የምረቃው ዕለት አቶ አብዱልጀባር ረጅም ንግግር አደረጉ። ይህ ገንዳ የተቀናጀ የኢሜይል ግንኙነት ውጤት መሆኑን፣ እያንዳንዱ ጠብታም የአንድ አሚን ፍሬ መሆኑን አብራሩ። ንግግሩ ወደ መካከሉ ሲደርስ አንዲት ግመል ሪባኑን ተሻግራ መጠጣት ጀመረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ስለዚህ ምረቃው ከንግግሩ በፊት ተጠናቀቀ።

ከዚያ ወይዘሪት ዓዲላ ማይኩን ያዘች። ስለ ዱዓው አመስግና፣ የላክነው አሚን ግን የእነሱንም ሳጥን ዘግቶት እንደነበር፣ ገንዳውን ለሌላ ዞን ለመስጠት ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ለፊርማ ቀርቦ እንደነበር ተናገረች። ሳጥኑን አጽድተው እንደከፈቱት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ከአንድ የግል አድራሻ አጭር መልእክት ገባ።

«ባገራችሁ ሰላምታ ያላቀረበልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው» አለች እየሳቀች። «ላንብብላችሁ። ‹ይፈለጋል። ከብቱ ተጠምቷል።› ስም እንኳ የለውም።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። እንዲህ ያለ ባለጌ ከየት ወጣ? አሻ «አካም ጅርታ እንኳ?» ብላ ጉንጯን ይዛ ቀረች። አቶ አብዱልጀባር ወደ ግመሎቹ ዞረው ጆሯቸውን ሲያኩ ቆዩ። እኛ ግን የመሥሪያ ቤቱ ክብር ስለተነካ በማግሥቱ አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም አልን፤ በደንቡ መሠረት ሰብሳቢው አቶ አብዱልጀባር ሆኑ። እሳቸው በቂ ጊዜ የለኝም ሲሉ ትሕትናቸውን አደነቅን።

ሪድዋን አድራሻውን ከወይዘሪት ዓዲላ ተቀብሎ አጣራ። ውጤቱን ለማቅረብ ተነሣ፣ ሰብሳቢውን አየ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሣ። በመጨረሻ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ውሃ ጠማኝ ብሎ ወጣ።

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የቀረውን እንዳይዛነፍ ከቃለ ጉባኤው እንጠቅሳለን፦ «ሰብሳቢው ተጠያቂው እንዲቀርብ አዘዙ። ተጠያቂው ከሰብሳቢው ወንበር ሳይነሡ ቀረቡ። ሰብሳቢው የግል አድራሻ ስለተጠቀሙበት፣ ቁጥር፣ ማኅተምና ግልባጭ ስላስቀሩበት ሁኔታ ማብራሪያ እንዲሰጡ ተጠያቂውን ጠየቁ። ተጠያቂው እምቢ አሉ። ሰብሳቢው በተጠያቂው ድፍረት ማዘናቸውን ገልጸው ስብሰባውን ዘጉ።»

ሰው ሁሉ ሲወጣ ሳቢራ ወደ ኋላ ቀረች። አቶ አብዱልጀባር ያለ ማሰሪያ ጫማቸውን እያዩ ወረቀት ይሰበስባሉ።

«ጋሼ» አለቻቸው ቀስ ብላ። «ሰላምታውስ?»

አቶ አብዱልጀባር ማኅደሩን ዘጉት።

«አላብራራም» አሉ።