አማቴን ፏፏቴ ላሳይ ወጥቼ

ሰው ስልክ ይጠፋበታል። ሰው መታወቂያ ይጠፋበታል።

እኔ ዛሬ ፏፏቴ ጠፋብኝ!

አትሳቁ። ወላሂ፣ ሙሉ ፏፏቴ! ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ዋና የተማርኩበት ፏፏቴ። የጠፋው ደግሞ በማን ፊት መሰላችሁ? በአማቴ ፊት። ማለቴ፣ አማቴ ልሁን አልሁን እያሉ ገና በሚያስቡት ሴትዮ ፊት።

ቆይ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሰላምን ታውቋታላችሁ። ቪዲዮዎቼ ላይ ድምጿ ብቻ የሚሰማው፣ "ካሜራውን ከፊቴ ላይ አንሳ!" የምትለው እሷ ናት። የባህር ዳር ልጅ ናት፤ ለማስተማር ተመድባ መርሳ መጣች። ከሱቄ ቻርጀር ገዛች። ቻርጀሩ በሳምንቱ ተበላሸ። ልትጣላኝ ተመለሰች፣ ይኸው እስከ ዛሬ እየተጣላን ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። እናቷ እማማ አሰፉ ሽማግሌዎቼን አብልተው አጠጥተው መልሳቸውን ሰጡ። "ልጁን አልጠላሁትም። ውሃ በሌለበት ቆላ ግን ልጄን ጥዬ አልተኛም። አገሩን በዓይኔ ካላየሁ እሺም እምቢም የለኝም።"

ሰላምም ቁርጡን ነግራኛለች። "እናቴ እያለቀሰች አላገባም።"

አያችሁልኝ ጉዴን? ጣና ዳር ለተወለዱ፣ ጢስ ዓባይን እያዩ ላደጉ ሴትዮ፣ እኔ ከመርሳ ውሃ ላሳይ!

ትናንት ወልድያ መነኸሪያ ሄጄ ተቀበልኋቸው። ከወልድያ መርሳ የሚወስደውን መንገድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ድልድይ በድልድይ ነው። ወሩ ደግሞ የካቲት።

እማማ አሰፉ ድልድይ በመጣ ቁጥር በመስኮት አንገታቸውን ብቅ ያደርጋሉ።

"ይሄ ወንዝ ነው?"

"አዎ እማማ።"

"አሸዋ ነው እኮ!"

"ክረምት ላይ አይቻልም እማማ፣ ይሞላል።"

ሲሪንቃ ደረስን። ሌላ ድልድይ። "ይሄስ?" አሉኝ። እኔ ስልክ የተደወለልኝ መሰልሁ።

መርሳ ገብተን ከሰላም ጋር እራት ልንበላ ስንቀመጥ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን እያራገቡ፣ "ልጄ ምን በድላ ነው እዚህ የመደቧት?" አሉ። ለራሳቸው ነው ያሉት። ግን ሰማሁ።

ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ።

"እማማ፣ ነገ የማሳይዎትን ፏፏቴ ሲያዩ ጢስ ዓባይን ይረሱታል!"

ሰላም በጠረጴዛ ስር እግሬን ረገጠችኝ። አልገባኝም። ጨመርሁበት እንጂ! "በበጋም አይደርቅም" አልኋቸው።

እውነቴን እኮ ነው። ወደ ግራና ከተማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው ያለው። በመስከረም የለጠፍሁትን ቪዲዮ ያያችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ሁሉ ውሃ ከገደሉ አፍ ተወርውሮ ሲወርድ፣ መሬቱ ከእግርህ ስር ሲንቀጠቀጥ፣ ስንት ጊዜ ያየሁት ሰውዬ ዛሬም ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ በባጃጅ ሄድን። ባጃጁ የማይገባበትን በእግር ተያያዝነው። እማማ ጃንጥላ ዘርግተው፣ የክት ጫማቸውን አድርገው፣ "ደረስን?" ሳይሉ ሄዱልኝ። የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ላይቭ ከፈትሁ።

"ቤተሰብ! ጆሯችሁን አዘጋጁ! አሁን የምትሰሙት ድምፅ..."

ምንም ድምፅ የለም። ወፍ ትጮሃለች።

ታጠፍን።

ገደሉ አለ። እዚያው ነው፣ የትም አልሄደም። ውሃው ግን የለም! ጥቁር እርጥብ መስመር ብቻ ቀርቷል። ውሃው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት ነጭ ፍየል ጥላውን ይዛ ተኝታ ታመሰኳለች።

ኮመንቱ ጀመረ።

"ብሮ፣ ፏፏቴው ሎዲንግ ላይ ነው።"

"ዳታ አልቆበት ይሆናል፣ ካርድ ሙላለት።"

"ፍየሏን ፎሎው አድርጌያታለሁ።"

እማማ አሰፉ ጃንጥላቸውን አጠፉ። ገደሉን ከላይ እስከ ታች አዩት። ፍየሏን አዩ። ከዚያ ዞር ብለው እኔን አዩኝ።

"ይኸው ነው?"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሰላም ሰማይ ሰማዩን ታያለች።

"እማማ፣ አንዴ ይታገሱኝ!" ብዬ ስልኬን ደረት ኪሴ ከትቼ በገደሉ ጎን ሽቅብ ሮጥሁ። ላይቩን ማጥፋት? ማን ያስታውሳል!

ላይ ስወጣ ምን አየሁ? ውሃው አለ! ወንዙ በአፈርና በድንጋይ ተዘግቶ ወደ ቦይ ዞሯል። ቦዩ ጥግ አንድ አዛውንት አካፋ ይዘው ቆመዋል። ከእሳቸው ወዲያ የሽንኩርት ማሳ፣ ዓይን የሚሞላ አረንጓዴ። ያ ሁሉ የሚጮህ ውሃ ድምፁን አጥፍቶ በሽንኩርት መደብ መሀል ይሽሎከለካል።

"አባባ፣ ፏፏቴውን ማን ወሰደው?" አልሁ። እያለከለክሁ ነው።

"እኔ ነኝ" አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። "ይመር እባላለሁ። ዛሬ ተራዬ ነው። የውሃ አባት ነው የሰጠኝ።"

ለማታውቁ፣ የውሃ አባት ማለት የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍል፣ ሰዉ የመረጠው ሰው ነው። ለካስ በበጋ ይሄ ፏፏቴ ተራ አለው! እኔ የአገሩ ልጅ ነኝ ባይ፣ ለካ የማውቀው የክረምቱን ነው።

ለመንኋቸው። ስለ ሽማግሌው፣ ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ አሸዋው፣ ሁሉንም አወራሁላቸው። "አማቴ ታች ቆመዋል፣ ከባህር ዳር ድረስ የመጡ እንግዳ ናቸው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ይልቀቁልኝ፣ ጋሽ ይመር! ሕይወቴ ነው!"

ጋሽ ይመር ማሳቸውን አዩት። ጫፍ ላይ ያሉት መደቦች ገና አልጠጡም፤ አፈሩ ነጭ ነው።

"ሽንኩርቱ ሊደርስ ነው" አሉ። "ዛሬ ካልጠጣ ተራው ተመልሶ እስኪመጣ ያ ጫፉ ይቃጠልብኛል።"

አንገቴን ደፋሁ።

"እንግዳ ናቸው ካልክማ ምን ይደረጋል" አሉ። "አብሽር ልጄ።" አካፋቸውን አንስተው የዘጉትን አፈር ሊንዱ ሰነዘሩ።

"ተዉ! ተዉ! እንዳይነኩት!"

እማማ አሰፉ ናቸው። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሰላምን ተደግፈው፣ ያን ገደል ወጥተውታል! ለካ ሁሉንም ሰምተዋል።

"የሰው ሰብል አድርቄ ውሃ ልይ? እኔ?" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ አታፍርም?"

አፍሬያለሁ። በላይቭ ነው ያፈርሁት! ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫል። በልቤ "በቃ፣ ሰላም ባህር ዳር ሄደች" አልሁ።

እማማ ግን ቦዩ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ።

"ኡፍፍ... ቀዝቃዛ ነው" አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ሳቅ አሉ። "እኛም ጋ የጢስ ዓባይን ውሃ ለመብራት ማመንጫ ይወስዱታል እኮ። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶችን 'ጢስ ዓባይ፣ ጢስ ዓባይ' ብዬ ወስጄ ባዶ ቋጥኝ አሳይቻቸዋለሁ። ያን ቀን የት ልግባ እንዳልሁ እኔ ነኝ የማውቀው።"

እኔና ሰላም ተያየን።

"ያ ጥላ ዋርካዋ ጋ ሲደርስ ተራዬ ያልቃል" አሉ ጋሽ ይመር። "ከእኔ ቀጥሎ ከገደሉ በታች ያሉት ናቸው፣ ውሃውን ለነሱ ቁልቁል እለቀዋለሁ። ታች ወርዳችሁ ጠብቁ። ብቻ ከገደሉ ስር እንዳትቆሙ።"

እንዳትቆሙ! ሰምታችኋል አይደል? እኔም ሰምቼ ነበር።

ወርደን ጠበቅን። ጥላው ዋርካዋን ሲነካ ፎሎወሮቼን ለመካስ ቸኮልሁ። ፍየሏ አጠገብ ጀርባዬን ለገደሉ ሰጥቼ ቆምሁ፣ ለምስል ስለሚያምር። "ቤተሰብ፣ አሁን ታሪክ ልታዩ ነው!"

ፍየሏ ተነሳች። ጥላኝ ሄደች።

እማማ ከሩቅ ሁለት እጃቸውን እያወዛወዙ ይጮሃሉ። እናንተን ሰላም የሚሉ መስሎኝ፣ "እማማም ሰላም ብለዋችኋል!" አልሁና እጄን አወዛወዝሁላቸው።

ከዚያ ከላይ አንድ ነገር ተነፈሰ። መጀመሪያ ንፋስ ነው የመሰለኝ። ቀና ስል ቡናማ ውሃ፣ ቅጠል፣ ጭቃ፣ የሽንኩርት ልጣጭ...

ላዬ ላይ!

ስልኬ እዚያው ሞተ። እኔ በአራት እግሬ እየዳኽሁ ወጣሁ። ሰላም ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

ዞር ብዬ ሳየው ግን... ሰዎች፣ እንዴት ልንገራችሁ?

ጭቃው እየጠራ መጣ። ውሃው ነጭ ሆነ። ዝም ብሎ የነበረው ገደል ሁሉ መጮህ ጀመረ፣ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ። የደረቀው የድንጋይ ሽበት በዓይናችን እያየነው አረንጓዴ ሆነ። የማታዋ ፀሐይ ገብታበት ቀስተ ደመና ሠራ። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ከባዶ ሲጀምር ግን አይቼው አላውቅም። አለቀስሁ መሰለኝ፤ ረጥቤ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

እማማ አሰፉ አፋቸውን በነጠላቸው ይዘዋል። "አቤት ጌታዬ! አቤት ጌታዬ!" ይላሉ። የጢስ ዓባይ ልጅ!

እያንጠባጠብሁ አጠገባቸው ቆምሁ።

"ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ" አሉኝ።

ልዘል ስል እጄን ያዙኝ።

"እንዳትኮራ። በፏፏቴው አይደለም፣ ፏፏቴ እኔም አገር አለ።" ወደ ገደሉ አናት ቀና አሉ፤ ጋሽ ይመር አካፋቸውን ተደግፈው ቁልቁል ያዩናል። "የማያውቀኝ ሰው ለእኔ ብሎ ሽንኩርቱን ሊያቃጥል ነበር። ልጄ እንዲህ ያለ ሰው መሀል ከሆነች እተኛለሁ።"

ይኸው ስልኬ ሩዝ ውስጥ ተቀብሯል፣ ይሄን የምጽፈው በሰላም ስልክ ነው። አሁን ኮመንቶቹን አሳየችኝ። ሁላችሁም "ፍየሏን ተከተል! ፍየሏን ተከተል!" ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። እኔ ኮመንቱ ሲፈስ አይቼ አድናቆት ነው ብዬ ነበር።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እማማ የሙሽሮቹ ፎቶ የግድ ፏፏቴው ጋ ይሁን ብለዋል። ስለዚህ ቀን የሚቆርጥልን ቄሱም ሽማግሌውም አይደሉም፣ የውሃ አባቱ ናቸው!

እባካችሁ፣ ከመሀላችሁ በዚያ ሰሞን የሽንኩርት ተራ ያለው ማን ነው?