በሰይልካን ጉረኖ የገባው እውቀት

በዚያ ዓመት በበረዶው ላይ ዝናብ ዘነበ። ሌሊቱን ረግቶ መስታወት ሆነ። ከብቱ ሣሩን ከሥር እያየ በሰኮናው ሊሰብረው አልቻለም። መጀመሪያ ፍየሎቹ አለቁ፤ ቀጥለው በጎቹ፤ ፈረሶቹ ትንሽ ቆዩ። በእኛ ተራራ ይህን መዓት ጁት ይሉታል። ሲያልፍ በመንደሩ አንዲት በግ ተረፈች፤ የጎረቤቴ የሰይልካን። ሰይልካን ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በጓን ቤቷ አስገብታ የፍራሿን ገለባ እየመዘዘች አበላቻት። በጓ አርግዛለች፤ ሰይልካን ጣውላ ላይ ትተኛለች።

ችግራችን ከተማ ተሰማ። ከተማም ጨካኝ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተሰብስበው ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው ጉዳዩን በጥልቀት መርምሮ የጎደለን መጽሐፍ መሆኑን ደረሰበት።

መንገዱ እንደተከፈተ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና መጣ። «ያገለገለ መጽሐፍ ለተቸገረ ሕዝብ» የሚል ጨርቅ ተወጥሮበታል። መሪያቸው ዛሚርቤክ የሚባል ከረባት ያሰረ ልጅ ነበር።

«ሣር አለበት?» አልኩት።

«አባባ፣ ሣር እኮ ተበልቶ ያልቃል! እውቀት ግን የማይደርቅ ግጦሽ ነው።»

እኛ አመንን። በጓን ግን ማሳመን አልተቻለም። ልጁ ንግግር በሚያደርግበት መሃል ከሰይልካን ቤት ጮኸች።

በአገራችን በግ የሌለው ሰው እንግዳውን በሻይ ቢሸኝ ማንም አይቀየመውም። በግ እያለው ያላረደ ግን ስሙ ለልጅ ልጅ ይበላሻል። ጩኸቱን ደግሞ ሁሉም ሰምቷል።

«ምነው አፏን ባፈንሽው?» አልኳት በጆሮዋ።

«አሁንማ ተሰማች» አለች ሰይልካን። «ደግሞ ባዶ እጃቸውን አልመጡም።»

ቢላዋ ስታወጣ ዛሚርቤክ አያት። «እትዬ፣ ለእኛ ብለው አይቸገሩ!» አለና ተደላድሎ ተቀመጠ።

የበጓ ጭንቅላት ለክብር እንግዳ ስለሚገባ ለእሱ ቀረበ። በልቶ ሲጨርስ ፎቶ አነሳን። በኋላ እንደሰማሁት በሪፖርቱ ላይ «ኅብረተሰቡ ደስታውን በራሱ ተነሳሽነት በግ በማረድ ገልጿል» ተብሎ ተጽፏል። ስጦታ የመጣበት ዕቃም ባዶውን አይመለስምና፣ ሰይልካን የቀራትን ደረቅ አይብ መጽሐፉ በመጣበት ጆንያ ከትታ ሸኘቻቸው።

መጻሕፍቱ ጥሩ ነበሩ። የጥጥ ተባይ ማጥፊያ መመሪያ ነበረበት፤ በእኛ ከፍታ ጥጥም ተባይም ስለሌለ ትምህርቱ ሳይሠራ ውጤት አሳይቷል። የአንድ ልብ ወለድ ሦስተኛ ክፍልም ነበር፤ ሁሉም ሰው ሞቶ ይጀምራል። ፊደል ያለበትን ነገር ማንደድ ነውር ስለሆነ እየበረደን አላነደድናቸውም። የሰይልካን ጉረኖ ባዶ ነበርና ቤተ መጻሕፍት ሆነ።

ሁለት የበረዶ ወቅቶች አለፉ። እንዲህ ያለ ውለታ ሳይመልሱ መሞት ያሳፍራል። እኛም ኮሚቴ አቋቋምን። ኮሚቴያችን የከተማውን ችግር በጥልቀት መርምሮ የጎደለው መጽሐፍ መሆኑን ደረሰበት። ያንኑ መጽሐፍ በጆንያ ሞልተን፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሆነን፣ ወደ ዛሚርቤክ አባት ቤት ወረድን። አባትየው ኦሩንባይ ይባላል፤ የከተማ ዳር ሰው ነው፤ ግቢው ሰፊ ነው።

ጆንያውን ሲፈታ ፊቱ ተለዋወጠ። «እነዚህ... የእኔ አይደሉም እንዴ? ከጋራዤ ስንት ዓመት ለምኜ ያስወጣኋቸው!»

«አገልግለው መጡ» አልኩት። ቀጥዬም ንግግር አደረግሁ። እውቀት የማይደርቅ ግጦሽ ነው ስል ከጓሮ በግ ጮኸ።

ሁላችንም ሰማን። ኦሩንባይ ልጁን አየው፤ ልጁ ጫማውን አየ።

«ለእኛ ብላችሁ አትቸገሩ» አለች ሰይልካን፤ ተደላድላም ተቀመጠች።

አረደ። በላን። ጭንቅላቱ ለእሷ ቀረበ፤ ጆሮውን ቆርጣ ለዛሚርቤክ ሰጠችው፤ ለልጅ የሚሰጠው ጆሮ ነው፣ ሽማግሌን እንዲሰማበት። ልንነሳ ስንል ባዶውን ጆንያ አፉን ከፍታ ኦሩንባይ ፊት ያዘችው።

«ሻይና ስኳር ጨምሩላት» አለ ኦሩንባይ።

ጥግ የተቀመጡት አሮጊት እናቱ ምርኩዛቸውን መሬት መቱ። «ቆይ! አንቺ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ቤትሽ ሲመጣ ምን አረድሽ?»

«የነበረችኝን በግ፣ እማማ። አርግዛ ነበር።»

ምርኩዙ ወደ ልጃቸው ዞረ።

«ኦሩንባይ» አሉ አሮጊቷ፣ «እኔን ሳትቀብር ስሜን ልትቀብር ነው?»

ኦሩንባይ ወደ ጓሮ ሄደ። ያረገዘች በግ ጆንያ ውስጥ አትገባም። ስለዚህ ጆንያውን ጀርባዋ ላይ አልብሰን፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰይልካን አጠገብ አስቀመጥናት። በጸደይ መንታ ወለደች።

ያገለገለ መጽሐፍ ለተቸገረ ሰው አይጠቅምም የሚል ካለ፣ ወደ ሰይልካን ጉረኖ ይምጣ። ጥቅሙ እዚያ ቆሞ ያመሰኳል።