በመዝገብ የሌለው መዋኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ጉድጓድ ሲቆፈር ያየ ሰው ተገኝቶ አያውቅም። ሲደፈን ያየ ደግሞ ገና አልተወለደም! ስለዚህ ወሬዬን ከመጀመሬ በፊት የጓሯችንን መዋኛ የደፈንን ዕለት እነማን እንደነበርን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ኋላ ሁሉም "እኔ አልነበርኩም" ብለዋልና እናንተ ምስክር ትሆኑኛላችሁ።

እኔ ነበርኩ። ልጄ ማስተዋል ነበረች፤ አራት ዓመቷ ነው፤ ማስተዋል ስሟ ብቻ ነው። ባለቤቴ ታደሰ ነበረ፤ እጅን ኪስ ከትቶ ማዘዝ ሥራ ከተባለ ከሁላችንም በላይ ሠርቷል። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ በርጩማቸውን ይዘው ወጥተው ነበር። ጋሼ ወልዴ፣ ጭነት የሚያመላልሱት፣ ከነአህያቸው ነበሩ። ቆራሌው ሸምሱም ነበረ፤ አሮጌ ዕቃ እየዞረ የሚለቅመው። እሱን ማንም አልጠራውም፤ ግን መቼስ ሸምሱ ተጠርቶ መጥቶ አያውቅም። አህያዋን ከቆጠርናት ሰባት ነን። ከእኔና ከልጄ በቀር ኋላ "አልነበርኩም" ያላለችው እሷ ብቻ ናት።

"መርካቶ መሀል መዋኛ ምን ይሠራል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኔም ስጠይቅ ነው የኖርኩት። ግቢያችን ከጭድ ተራ ጀርባ ነው፤ ድሮ የአንድ ሀብታም የጨርቅ ነጋዴ ቪላ ነበር ይባላል። ሰውዬው ጓሮው ውስጥ በሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ መዋኛ አሠራ። ይዋኝበት አይዋኝበት እንጃ… ደርግ መጣና ቤቱ ተወረሰ። ቪላው በኮምፔንሳቶ እየተሸነሸነ ለአምስት ቤተሰብ ተሰጠ። እትዬ ዘይነባ የሳሎኑ ግማሽ ደረሳቸው። ለእኛ ምግብ ቤቱና አንድ መስኮት ደረሰን። መዋኛው ግን ለማንም አልደረሰም። ደርግ ሄዶ ኢሕአዴግ ገባ፤ ቀበሌው ሰው ቀየረ፣ ማኅተም ቀየረ፣ ወንበር ቀየረ… መዋኛው እዚያው ነው።

በበጋ አይከፋም፤ በርበሬ እናሰጣበታለን። ክረምት ሲገባ ግን እንቁራሪት የሚንጫጫበት አረንጓዴ ባሕር ይሆናል። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ አልደብቃችሁም። ልጄ ብርቱካን ስትበላ ፍሬውን የምቆጥር ሴት ነኝ! "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል" ይላሉ። እኔ የምፈራውንም የምጠላውንም አንድ ላይ ጓሮዬ ውስጥ አስቀምጬ፣ ታደሰን አግብቼ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ስድስት ዓመት ኖርኩ።

ከመደፈኑ በፊት በነበረው ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ልብስ አጥቤ ቀና ስል ማስተዋል አጠገቤ የለችም። ጠራኋት፣ ደግሜ ጠራኋት። ወደ መዋኛው ሮጥኩ። አረንጓዴው ውሃ ላይ አንዲት ቀይ ጫማ ተንሳፍፋለች።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን እኔ አላውቀውም፤ የነገሩኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ነጠላዬን እንደለበስኩ ዘልዬ ገባሁ አሉ። ዋና አልችልም! ውሃው ደረቴ ድረስ መጣ። ከታች በእጄ እዳብሳለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ጭቃውን እዝቃለሁ… ከላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ መጣች።

"እማዬ፣ ይቀዘቅዛል? እኔም ልግባ?"

ቀና ስል ባንድ እግሯ ጫማ አድርጋ፣ ዳር ላይ ቆማ ታየኛለች። ጫማዋን የወረወረችው "ጀልባ ይሆን እንደሆነ ለማየት" ነው። አቀፍኳት፣ መታኋት፣ ሳምኳት፣ እንደገና መታኋት። ያን ጊዜ ማልኩ። የሚቀጥለው ክረምት ሳይገባ ይህ መዋኛ ይደፈናል!

መጀመሪያ ቀበሌ ሄድኩ። ከመዝገቡ ጀርባ የተቀመጠው ልጅ ጨዋ ነው። ሦስት ጊዜ ገለጠ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋ።

"እናቴ፣ የእናንተ ግቢ መዋኛ የለውም" አለኝ።

"አለው እንጂ! ከጓሮ ነው።"

"በመዝገብ የለም። ቤት አምስት፣ ሽንት ቤት አንድ፣ የቀረው ባዶ መሬት ነው የሚለው። የሌለ ነገር ይደፈን ብዬ እንዴት ደብዳቤ ልጻፍ?"

"ልጄ የሌለው ነገር ውስጥ ብትወድቅስ?"

ትንሽ አሰበ። "ያኔ ማመልከቻ ይዘው ይምጡ" አለኝ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ወጣሁና በራሴ ዘዴ ልሠራ ወሰንኩ። በጋ ሆኖ ውሃው ሲደርቅ ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፦ የሚጣል ነገር ያላችሁ ወደ እኛ መዋኛ ጣሉ! መርካቶ አይደል? በሦስት ቀን የሚሞላ መሰለኝ።

እስቲ ስሙኝ፤ መርካቶ ውስጥ የሌለ ነገር የለም ይባላል። ውሸት ነው! የሚጣል ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት ሰው ያመጣል፤ የተሰበረ ጀሪካን፣ የተቀደደ ጆንያ፣ ጎማ የሌለው የብስክሌት ቸርኬ፣ ቂጡ የወለቀ ሳፋ… ደስ ብሎኝ እመርቃለሁ። ምሳ አብልቼ ስመለስ ሸምሱ መዋኛው ውስጥ ወርዶ ይለቅማል።

"ሸምሱ! ምን እያደረግህ ነው?"

"እያጸዳሁልሽ ነው፣ እትዬ።"

"እኔ እንዲሞላ ነው የምፈልገው!"

"በዚህ ዕቃ?" ጀሪካኑን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። "ይቺ እኮ ስንጥቋ በላስቲክ ትበየዳለች። ጤነኛ ዕቃ ከነነፍሱ መቅበር ነውር ነው!"

እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ቸርኬውን ባለቤቴ "አንድ ቀን ይፈለጋል" ብሎ አልጋ ሥር ከተተው። ሳፋውን እትዬ ዘይነባ ወስደው ጤና አዳም ተከሉበት። "ምን ላድርግ ልጄ፣ ወላሂ ዓይኔ እያየ አፈር ሊበላው ነው" አሉኝ። ወር ሙሉ እንዲህ ሆንን፤ ጠዋት ይሞላል፣ ማታ ይራቆታል። በመጨረሻ ሸምሱ የሚለቅመው ሲያልቅበት ከወለሉ ላይ የቀሩትን ሰማያዊ ሸክላዎች ነቅሎ ወሰደ። መዋኛው በመሙላት ፈንታ አንድ ጣት ጠለቀ!

ግንቦት ገባ። ደመናው መጠቋቆር ሲጀምር እኔ ማስተዋልን በመቀነቴ ከወገቧ አስሬ ጫፉን ከበሩ እጀታ ጋር ማሰር ጀመርኩ። ባለቤቴ ሲያይ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ልጅ ነች ፍየል?" አለኝ። "በሕይወት ያለች ፍየል ትሻለኛለች" አልኩት።

እንዲህ ስንሆን ነው ለሚሊኒየሙ ከተማው ይዋብ ተብሎ ቆፋሪዎች የመጡት። ለምን እንደሚቆፍሩ ጠየቅናቸው። አንዱ ለውሃ ነው አለን። ሌላው ለስልክ ነው አለ። ሦስተኛው "ለልማት!" አለና ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ከበራችን ፊት የአልጋ ስፋት ያለው፣ ባለቤቴን እስከ ደረቱ የሚውጥ ቦይ ቆፈሩ። አንድ ጥቁር ቧንቧ ጣል አደረጉበት። አንዲት ጣውላ አጋደሙልን። ሄዱ። አፈሩ በእኛ በር በኩል ተራራ ሆኖ ቀረ… አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት።

አንድ ቀን ጠዋት እትዬ ዘይነባ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው አፈሩን ሲያዩ፣ ሲያዩ ቆዩና፣ "አላህ ሲያገራው እንዲህ ነው። ደጅሽ ድረስ አምጥቶልሻል፤ ምን ትጠብቂያለሽ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ የመንግሥት አፈር እኮ ነው!"

ይህን ጊዜ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ማታ ማታ ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ነው። "ሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል" አለ። "እኛ የምንወስደው የሕዝቡን ድርሻ ነው።"

እንግዲህ በሕግ ከመጣ ምን ይባላል? ጋሼ ወልዴን ለመንኳቸው። አህያቸው ጣውላዋን ስታይ አሻፈረኝ አለች፤ አሸተተቻት፣ በአንድ እግሯ ሞከረቻት፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ጋሼ ወልዴ "ነይ በይ፣ ሰውም ይሻገርበታል!" ሲሏት እንደ መናቅ አየቻቸው። ገፍተን አሻገርናት። ከዚያ በጆንያ ስንሞላ፣ ስትጭን፣ ስንደፋ ዋልን። እትዬ ዘይነባ ቆሎ እያደሉ ይመርቃሉ። ባለቤቴ ያዛል። ሸምሱ እያንዳንዱን ጆንያ ሳይደፋ ፈትሾ ሁለት ብሎንና አንድ ማንኪያ አገኘ። ለዓሥራ አንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መዋኛው አፉን ሞላ!

ማስተዋልን ከመቀነቷ ፈታኋት። አፈሩ ላይ ወጥታ ዘለለች፣ ተንከባለለች። እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቀሪውን ቆሎ በላሁ። ልጄ መሄድ ከጀመረች ወዲህ ስሟን ሳልጠራ ግማሽ ሰዓት የቆየሁት የዚያን ዕለት ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቢጫ የሥራ ቆብ ያደረገ፣ እጁ ላይ የተጠቀለለ ፕላን የያዘ። ከኋላው አካፋ የያዙ አራት ሰዎች። ቦዩን አየ። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ።

"አፈሩስ?"

የአገሬ ሰው፣ በዚህች ከተማ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆፋሪ የቆፈረውን ሊደፍን ተመልሶ መጣ… እኛ ደግሞ አፈሩን ጨርሰነዋል!

"የምን አፈር?" አለ ባለቤቴ። "እኔ ሥራ ውዬ ነው የምመጣው፣ አልነበርኩም።"

"እኔ ወሎ ዘመድ ጥየቃ ሄጄ አልነበርኩም" አሉ እትዬ ዘይነባ፤ በርጩማቸው ላይ እንደተቀመጡ።

ጋሼ ወልዴም አልነበሩም፤ ቀይ አፈር የለበሰ ጫማቸውን ግን አንዱን እግር ከአንዱ ኋላ ሊደብቁ ይታገላሉ። ሸምሱ በጣውላዋ ላይ እየተሻገረ "ቆራሌው…!" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ይህን ጊዜ ማስተዋል የሰውዬውን ጣት ይዛ ጎተተችው።

"እኛ ጓሮ ነው ያለው! ና ላሳይህ!"

ተከትለን ገባን። ሰውዬው የተደለደለውን አፈር በጫማው መታ መታ አደረገ።

"እዚህ ምን ነበር፣ እህቴ?"

"መዋኛ" አልኩት። መዋሸት አልችልም፤ ሲያልበኝ ያስታውቅብኛል።

ፕላኑን ዘረጋ። "እዚህ መዋኛ የለም። ባዶ መሬት ነው የሚለው።"

"አሁን ልክ ሆነ፣ ወንድሜ" አልኩት። "ባዶ መሬት ነው።"

አየኝ። አየሁት። ከአራቱ ሰዎች አንዱ "ቆፍረን እናውጣው እንዴ?" ሲል ሰውዬው፣ "የቀበሌ ባዶ መሬት ያለ ደብዳቤ አይቆፈርም" አለና መሳቅ ጀመረ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የዚያችን ቀይ ጫማ ነገር አጫወትኩት። ሳቁን አቆመ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቢጫ ቆቡን ለማስተዋል ደፋላት፤ እስከ አፍንጫዋ ዋጣት።

"ነገ ገረጋንቲ አስጭኜ መጥቼ ቦዩን እደፍናለሁ። ቆቤን ያኔ ትሰጪኛለሽ፣ እሺ? እስከዚያ ወደ ቦዩ እንዳትሄጂ።"

"እሺ" አለች ማስተዋል ከቆቡ ውስጥ።

በማግስቱ በር ላይ ቆሜ ዋልኩ። አልመጣም። ሰኔ መጣ። ሐምሌ መጣ። ቦዩ እስከ አፉ ውሃ ሞላ፤ እንቁራሪቶቹም ከጓሮ ወደ ደጅ ተዛወሩ። "እማዬ፣ መዋኛችን ወደዚህ መጣ!" አለችኝ ልጄ። እኔ ጓሮዬን የደፈንኩ መስሎኝ ጉድጓዱን ቤት አስቀየርኩት። "ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው" ይባላል፤ ስትደፍን ደግሞ አፈሩ ከየት እንደመጣ እይ የሚል ተረት ማንም አልነገረኝም። ሚሊኒየሙን በአዲስ ልብስ፣ አህያዋ እንቢ ባለቻት ጣውላ ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ተሻግረን ተቀበልነው። አሁን ማስተዋል ትምህርት ቤት ገብታለች፤ ጠዋትና ማታ መቀነቴን ከወገቧ አስሬ አሻግራታለሁ። ቢጫውን ቆብ ካላደረገች አትሻገርም።

ሰውዬውን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ሲያስቆፍር አየሁት ያለ ሰው ነበረ። ባለቤቴ ሄዶ ፈለገው። ጉድጓዱን አገኘው፤ ሰውዬውን አላገኘውም።

መጀመሪያ ተቀየምኩት። አሁን ግን ሐሳብ ገብቶኛል። ለልጅ ነገ ብሎ ቃል የገባ ሰው እንዲያው አይቀርም፤ ከቆፈራቸው ባንዱ ገብቶ ይሆን እላለሁ… ባዶ ራሱን ነው የሄደው፣ ቆቡ እኛ ጋ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ስሙን አልጠየቅነውም። ያያችሁት ካላችሁ፣ ደህና መሆኑን እባካችሁ ንገሩኝ።