ጋሼ ድሮ እና ቀዝቃዛው ክፍላቸው

ጋሼ ድሮን ያወቅኳቸው በመስኮት ነው። ቤቱን በተከራየን በማግስቱ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሸምገል ያሉ ሰው በተከፈተው መስኮት አንገታቸውን አስገብተው «ዝጋው» አሉኝ። እንደምን አደርክ እንኳ የለም።

የትም ሰፈር ብትሄዱ «ሁሉም ነገር ድሮ ቀረ» የሚል ሰው አይጠፋም። የኛው ግን ነገራቸው ሁሉ ስለ ሙቀት ነው። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። የሰፈሩን መስኮት ግማሹን ስለሠሩት መሰለኝ፣ እስከዛሬ ያዙበታል። እኔ በልቤ ክቡር የጥላና የነፋስ ሚኒስትር እላቸው ነበር።

እሳቸው እንደሚሉት ድሮ ሰው ጎህ ሲቀድ ቤቱን ከፍቶ ቀዝቃዛ አየር ያስገባል፣ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ወለሉን ውሃ ይረጫል። «ድሮ ማን ቬንትሌተር ነበረው?» ይላሉ፣ ታክሲ ውስጥም ቢሆን። አንዴ የባለሱቋን ለስላሳ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ሲያበቁ ቅመሺ አሏት። ለብ ብሏል። እሷ ግን ቀዝቅዟል አለቻቸው፤ ምን ታድርግ።

እኔ ደግሞ ዓይን አፋር ነኝ። እሺ ብዬ እዘጋለሁ፤ ዞር ሲሉ እከፍታለሁ።

ልጃችን በተወለደች በሃያ ቀኗ መብራት ጠፋ፤ ቬንትሌተራችንም ቆመ። በሦስተኛው ቀን ገላዋ በሙቀት ሽፍ አለ፣ ጡት አልይዝም አለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ነርሷ ሙቀቱ ነው፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አድርጓት፣ ቶሎ ቶሎ አጥቧት አለችን። ቀዝቃዛ ቦታ ከየት ይምጣ? ቤት ስንደርስ ነፋስ ይግባ ብዬ መስኮቱን ሁሉ በረገድኩት። የገባው እሳት ነው። ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች።

ይሄኔ ጋሼ ድሮ መጡ። ወቀሳ ስጠብቅ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱና ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«ይሄ ለዛሬ አይሆንም፣ ከጠዋት መዘጋት ነበረበት። ልጄ፣ ሕፃኗን ይዘሽ ወደኔ ነይ።»

ክፍላቸው ጨለም ያለ ነው፣ ወለሉ እርጥብ፣ በሩ ላይ የተጨመቀ አንሶላ ተሰቅሏል። ስንገባ ቆዳችን ደነገጠ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተቀመጡ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየንና፣

«ያዘች?» አሉ ሳይዞሩ።

«እየጠባች ነው፣ ጋሼ።»

«ተመስገን።»

እኔም አፍሬ፣ በየቀኑ ከኋላቸው ስከፍት እንደነበር ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ የሠራሁት መስኮት ሲከፈት ድምፁ ይጠፋኛል?»

መብራት እስኪመጣ አራት ቀን እዚያ ዋልን። ልጄ ዛሬ ትሮጣለች። አመሰግናለሁ ማለት ስለሚከብደኝ ይሄንን ጻፍኩ።

አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፣ እየዞሩ አያንኳኩም። ሰውም ቬንትሌተር ገዝቶ ረስቷቸዋል። ከሱቁ ጀርባ ሁለተኛው በር ነው፤ እባካችሁ ሂዱና ጠይቋቸው። ብዙ ያወራሉ፣ ቻሉት። ሕፃን ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሕፃን ሲተኛ ብቻ ዝም ይላሉ።