ለመተቃቀፍ የምትመች ሽጉጥ

የምእመናን ደኅንነት እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። በምሥራቅ ቴነሲ ኮረብታዎች መካከል፣ ስሟን ለጸጥታ ሲባል በማንጠቅሳት ከተማ የምትገኝ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ይህን ታላቅ እውነት የተረዳችው ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ወር፣ አንድ እሁድ ነበር። ካፖርት የለበሰ የማይታወቅ ሰው መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። መዝሙሩን መጽሐፍ ሳይገልጥ ዘመረ፤ ከአምልኮ በኋላ በጋራው ምሳ ላይ ከተጠበሰው ዶሮ ሦስት ጊዜ አነሳ፤ አመስግኖም ሄደ። ከሄደ በኋላ ሁሉም ደነገጠ። በማግስቱ ሲጣራ ፓስተሩ ራሳቸው የጠሩት የፒያኖ ቃኝ ሆኖ ተገኘ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉ ምላሰኞች አይጠፉም። ውሻ ጮኾ ይተኛል፤ ይህች ቤተ ክርስቲያን ግን ኮሚቴ አቋቋመች።

ሊቀ መንበር ሆነው የተመረጡት ዲያቆን ዶይል ራዝኒክ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍራሽ ሸጠው ጡረታ የወጡ ሰው ስለሆኑ ስለ ንቃት ለመናገር ከእሳቸው የተሻለ አልተገኘም።

«ወገኖቼ!» አሉ መድረክ ላይ ወጥተው፣ ሱሪያቸውን ከፍ እያደረጉ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! ጠላት የት እንዳለ አናውቅም፤ ስለዚህ ያለው በየቦታው ነው። እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አለመምጣቱ ራሱ ምን ያህል ተንኮለኛ እንደሆነ ያሳያል!»

ምእመኑ ይህን ሲሰማ በላብ ተጠመቀ። ወዲያውም በበር የሚቆም ሁሉ አነስ ያለች ሽጉጥ በልብሱ ሥር ሸሽጎ እንዲታጠቅ፣ ማን እንደታጠቀም ማንም እንዳያውቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ከዚያ የአሥራ ሁለቱ ስውር ጠባቂዎች ስም በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ እሁድ ለምእመኑ በሚታደለው ወረቀት ላይ ታተመ፤ ፎቷቸውም ኮት መስቀያው አጠገብ ተለጠፈ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበላቸው።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ሆሊስ ፕሩዊት ነበር። ሆሊስ የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው፤ ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዋናው በር ቆሞ የመጣውን ሁሉ እያቀፈ ሲያስገባ ኖሯል። ሚስቱ ዊልማ ከሞተች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከዚያ ወዲህ ከእሁድ እስከ እሁድ የሰው እጅ አይነካውም። ጸጉር አስተካካዩ አለ እንዳይባል፣ ሆሊስ ምን ጸጉር አለውና! እሁድ ጠዋት ግን ስድሳ የሚያህል ሰው አቅፎ የሳምንት ስንቁን ይሰንቃል። ይህን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም፤ ወንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ተናግሮ የት ይገባል? በሩን ያጣ ቀን ግን ቁርሱን ከራዲዮ ጋር እየበላ እንደሚያረጅ ጠንቅቆ ያውቃል።

ስለዚህ ዲያቆን ዶይል «ወይ ሽጉጡን ወይ በሩን» ሲሉት አላንገራገረም። ማክሰኞ ጠዋት ከጎማ ጠጋኙ ጎን ወዳለው ሽጉጥ ቤት ሄደ።

ባለቤቷ ቨርና ስኬልተን መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እንደ ጫማ ሻጭ ሰውን ከላይ እስከ ታች የምትለካ ሴት ናት።

«ለምንድን ነው የምትፈልገው?» አለችው።

«ለመተቃቀፍ።»

ቨርና መነጽሯን ዓይኗ ላይ አደረገች። «እስቲ ድገመው?»

«ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነው የምቆመው። የመጣውን አቅፋለሁ። ሳቅፋቸው እንዳትጎረብጣቸው ነው።»

«በስመ አብ! ሠላሳ ዓመት ሽጉጥ ስሸጥ ‘ለእባብ ነው’ የሚል መጥቷል፤ ‘ለአማቴ ነው’ የሚልም መጥቷል። ለማቀፍ ብሎ የመጣ አንተ የመጀመሪያው ነህ» አለችና መስታወቱን ከፈተች።

የመጀመሪያዋ አሥራ ሁለት ጥይት የምትጎርስ ነበረች። «ይቺ እጅ ትሞላለች፤ ስትተኮስም አደብ አላት» አለች ቨርና፣ ባዶነቷን ሁለት ጊዜ አይታ እየሰጠችው። ሆሊስ ቀኝ ዳሌው ላይ ሻጣትና ሸሚዙን አወረደባት። ሸሚዙ እብጠት አወጣ።

«ቁም እስቲ» ብላ ቨርና ከባንኮኒው ወጥታ አቀፈችው። «ኧረ ጎረበጠችኝ! ደግሞ በሸሚዝህ እንኳ ከመንገድ ማዶ ትታያለች።»

ሁለተኛዋ ቀጠን ያለች፣ ስምንት የምትጎርስ ናት፤ በፊት በኩል ከሆዱ ሥር ተሻጠች። «ተቀመጥ» አለችው። ሆሊስ ተቀመጠ፤ ወዲያው ብድግ አለ።

«ስቀመጥ ወጋችኝ።»

«ቁርጭምጭሚትህ ላይ ብትታሰርስ?»

«ጎንበስ ብዬ እስክደርስባት ድረስ ጠላት ምሳውን በልቶ ይሄዳል።»

በመጨረሻ ቨርና ከመሳቢያ ውስጥ መዳፍ የማትሞላ፣ ስድስት ብቻ የምትጎርስ አንዲት አወጣች። «እውነቱን ልንገርህ» አለች። «ትንሽ ሽጉጥ ለመደበቅ እንጂ ለመተኮስ አትመችም። ቀላል ስለሆነች ትራገጣለች። እጀታዋ አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣትህ መያዣ ታጣለች። ከአምስት እርምጃ ወዲያ ያለውን የምትመታው በጸሎት ነው።»

«የምቆመውስ የት ሆነና?» አለ ሆሊስ።

ሽጉጧን ኪሱ ውስጥ ከነማህደሯ ከተታት። ቨርና አቀፈችው፤ በቀኝ በኩል ተጫነችው፣ በግራ በኩል ተጫነችው። «የለችም» አለች። «ምንም አልተሰማኝም።» የሆሊስ ዓይን እንባ አቀረረ። ሥራ ቀን ላይ ሰው ካቀፈው ስንት ጊዜው! እሷም አልቸኮለችም። በሩ ተረፈልኝ ብሎ ደስ እያለው ወደ ቤቱ ሄደ።

እሁድ ደረሰ። ሆሊስ ታጥቆ በበሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ የመጡት የሰማንያ አራት ዓመቷ ሚስ ኦፓል ነበሩ። ሆሊስ እጁን ዘርግቶ ሲያቅፋቸው ከመካከላቸው ብረት ‘ቀጭ’ አለ። የሱ አልነበረም።

«ቀስ በል፣ ወንድም ሆሊስ! ጎርሳለች!» አሉ ሚስ ኦፓል የእጅ ቦርሳቸውን ወደ ኋላ እያሸሹ።

«እርስዎም?»

«ታዲያስ! አሥራ ሁለቱን ስውሮች በስም አውቃቸው የለ እንዴ? ሁለቱ የእህቴ ልጆች ናቸው። እነዚያ ቂሎች ሽጉጥ ይዘው እኔ ባዶ እጄን ልገባ አብጃለሁ?»

ነገሩ የሚስ ኦፓል ብቻ አልነበረም። አሥራ ሁለት ጠባቂ ካስፈለገማ አደጋው ከባድ ነው ብሎ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለብቻው፣ በምስጢር፣ ቨርና ዘንድ ሄዶ ነበር። ባልየው ብብቱ ሥር፣ ሚስትየዋ ጉያዋ ውስጥ ታጥቀው ይመጣሉ። መዘምራኑ ቁጭ ሲሉ የማንኪያ መሳቢያ የተዘጋ ይመስላል። ለእቅፍ ትከሻውን የሚሰጠው ትከሻውን ሰጠ፤ ክርኑን የሚሰጠው ክርኑን ሰጠ። ከስድሳው እቅፍ ለሆሊስ የደረሰው ሦስት ነው፣ እነሱም ከጎን።

ኮሚቴው ነገሩን ችላ አላለም። «መተቃቀፍ የትጥቅ ንክኪ የሚያስከትል ሆኖ በመገኘቱ፣ ከእንግዲህ ሰላምታ በአንድ ክንድ ርቀት፣ በአንገት ንቅናቄ ብቻ ይፈጸም» የሚል መመሪያ አወጣ። ፓስተሩም በዚያው እሁድ ስለ ወንድማማች ፍቅር ሰበኩ። እጅግ ድንቅ ስብከት ነበር።

ሆሊስ አራት እሁድ አንገቱን ሲነቀንቅ ዋለ። አንገቱ ዛለ፤ እጆቹ የሚሠሩት ጠፋቸው፤ አንዴ ኪስ ይገባሉ፣ አንዴ ይወጣሉ። በአራተኛው እሁድ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘጋና እንደ ልጅ አለቀሰ። ይቺን ሽጉጥ የመረጥኳት ለማቀፍ ነበር እኮ፣ አለ ለራሱ፤ አሁን ማንን ነው የምጠብቀው?

በአምስተኛው እሁድ ሽጉጧን ቤቱ ቆልፎባት መጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ኮቱን ግራና ቀኝ ገለጠና፣ «ባዶ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

ሰው ሁሉ ባለበት ቆመ። ሚስ ኦፓል ትንሽ አሰቡ፤ ቦርሳቸውን ለእህታቸው ልጅ አስያዙና ቀጥ ብለው መጥተው አቀፉት። ሌሎች አራት አምስት ሰዎች ተከተሉ።

ዲያቆን ዶይል ይህን በዓይናቸው አዩ። ኮሚቴው ከአምልኮ በኋላ ወዲያው በልጆች ክፍል ተሰበሰበ። ሌላ ወንበር ስላልነበረ ሽማግሌዎቹ በልጆቹ ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን እየነካ፣ በግርማ ተቀመጡ።

«ወንድም ሆሊስ» አሉ ዲያቆን ዶይል፣ «ትጥቅህን ፈትተህ በር ላይ ቆመሃል?»

«ቆሜአለሁ።»

«ጠላት ቢመጣስ ኖሮ?»

«አቅፈው ነበር።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ፣ «ይኼ ይጻፍ?» አለ።

«አይጻፍ! በሩን አስረክብ፣ ወንድም ሆሊስ።»

«ዲያቆን ዶይል፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ በሩን አይውሰዱብኝ» አለ ሆሊስ። «ከሱ ሌላ ምን አለኝ?»

ዲያቆን ዶይል ለአፍታ ወለሉን አዩ። እሳቸውም ቤት ሰው አይጠብቃቸውም። ነገር ግን ደንብ ደንብ ነው። «ከእንግዲህ እንደ ማንኛውም ምእመን ገብተህ ትቀመጣለህ» አሉት።

እዚህ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «አንድ ስጋት አለኝ» አሉ። «የታጠቀ ሰው መታጠቁን እናውቃለን፤ ስለሱ ሐሳብ የለንም። ‘አልታጠቅሁም’ የሚል ሰው ግን ምን እንደያዘ በምን እናውቃለን?»

እንዲህ ያለ ጥልቅ ሐሳብ በዚያ ክፍል ተሰምቶ አያውቅም። ወዲያውም፣ አልታጠቅሁም የሚል ማንኛውም ሰው በበሩ ላይ በሁለት ፈታሾች ከአንገት እስከ ካልሲ፣ ከፊትም ከኋላም፣ በእጅ ተዳስሶ እንዲፈተሽ ተወሰነ። የታጠቁት እንደ ወትሮው ያለ ፍተሻ ይገባሉ።

በሚቀጥለው እሁድ ሆሊስ አንገቱን ደፍቶ መጣ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ እንግዳ በገዛ በሩ ፊት ቆመ። ሁለቱ ፈታሾች ቀረቡ። አንደኛው ትከሻውን ያዘ፣ ወደ ክንዱ ወረደ፤ ሌላኛው ጎኑን ዳሰሰ። ሆሊስ እጆቹን ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጨርሰናል፣ ግባ» አሉት።

«ጀርባዬን አልነካችሁትም።»

«ነካነው እኮ!»

«መመሪያው ‘ከኋላም’ ይላል። ኋላ ላይ ነገር ቢመጣ በእናንተ ነው።»

ፈታሾቹ ተያዩ። ጀርባውን በደንብ አድርገው ዳሰሱት። ሆሊስ ዕለቱን ሙሉ ፊቱ እንዳበራ ዋለ፤ ሚስ ኦፓልም ፊቱን ልብ ብለው አዩት። በሳምንቱ ያለ ቦርሳ መጡ። «እኔም ባዶ ነኝ» አሉ። «ፈትሹኝ።» ለሚስ ኦፓል ሴት ፈታሾች ተመደቡ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ሆነ። መጀመሪያ ባል የሞተባቸውና ሚስት የሞተችባቸው መጡ፤ ቀጥሎ ሰባት ልጅ ያላት ግን ማንም እጇን ይዞ እንዴት ነሽ ያላላት አንዲት እናት፤ ቀጥሎ ማንኛውም ሰው። ሁሉም ሽጉጡን መኪናው ውስጥ እየተወ፣ «ባዶ ነኝ» እያለ ተሰለፈ። ተፈትሾ የገባ በጎን በር ወጥቶ እንደገና ይሰለፋል። የፈታሾቹ ክንድ ዛለ። ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ መኪና ማቆሚያው ደረሰ፤ እዚያ ስድሳ የሚያህሉ ሽጉጦች በየወንበሩ ሥር ተኝተዋል፣ የሚጠብቃቸውም የታጠቀ ሰው ታጣ።

የኮሚቴው ሪፖርት ለታሪክ ይቀመጥ ዘንድ ይገባዋል፦ «ባለፉት ሦስት ወራት በተደረገ ጥብቅ ፍተሻ አንድም ሽጉጥ አልተገኘም። ይህም ፍተሻው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ስለሚያረጋግጥ፣ ይበልጥ እንዲጠናከር ልምድ ያለው ዋና ፈታሽ ይሾም።» ልምድ ያለው ማን ነው? መዛግብት ቢገለበጡ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የዚያን ሕዝብ ጀርባ አንድ በአንድ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሆሊስ ፕሩዊት በሙሉ ድምፅ ተሾመና ወደ በሩ ተመለሰ።

ቅጠል ረግፎ ባለቀበት አንድ እሁድ፣ ሰዉ ሁሉ ገብቶ መዝሙር ከተጀመረ በኋላ፣ ሆሊስ በሩን ሊዘጋ ሲል ደረጃው ላይ አንድ ሰው ቆሞ አየ። ዲያቆን ዶይል ራዝኒክ ናቸው። ግራና ቀኝ አይተው እጃቸውን ዘረጉ።

«ባዶ ነኝ» አሉ፣ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሆሊስ ቀረባቸው። ትከሻቸውን ዳሰሰ፤ ጎናቸውን ዳሰሰ፤ እጁን በጀርባቸው ላይ አዙሮ ረጋ ብሎ ፈተሸ። ምንም አላገኘም።

«ነጻ ነዎት፣ ይግቡ።»

ዲያቆን ዶይል አልገቡም። እጃቸውን እንደዘረጉ፣ «ወንድም ሆሊስ» አሉ፣ «እኔ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነኝ። ሰው እንዲህ በዋዛ አይታመንም፤ እንደገና ፈትሸኝ።»