ወይዘሮ ዞር በል እና የእናቴ ቦሎቄ

ድስት ጥጄ ብቻዬን አበሰልኩ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። በየቤቱ ማንኪያ የሚቀማ አንድ ሰው አለ። “ላግዝህ” ብሎ ይገባል፤ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እናንተ በር ላይ ቆማችኋል፣ እሱ ያማስላል።

በእኛ ቤት ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ታላቅ እህቴ ናቸው። የሳሙና ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ሲሆኑ፣ ከሥራ ሲወጡ ሳሙናውን እዚያው ይተዉታል፤ ቁጥጥሩን ግን ይዘውት ይመጣሉ። (አንቱታው ይብቃን፤ ብትሰማኝ “ምን አድርጌህ ነው?” ትለኛለች።) የገዛ ልጆቿ ሳይቀሩ “ወይዘሮ ዞር በል” ይሏታል። ፊት ለፊቷ ግን አይሉም።

ሙያ በልብ ነው ይባላል። የእሷ ሙያ ግን ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። አንዴ ምግብ ቤት ገብተን ምሳችን ቢዘገይ “መጣሁ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ምሳችንን ተሸክማ የወጣችው ራሷ ነበረች፣ ሽርጥ ታጥቃ። ምግብ አብሳዩ ከኋላዋ ቆሞ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። እኔ ደግሞ እንቁላል ስጠብስ ደውላ “እሳቱን ቀንስ” ያለችኝን ቀን አልረሳውም። ቀነስኩ። ምን ላድርግ?

ያለፈው ቅዳሜ ግን ነገሩ የቀልድ አልነበረም። እናታችን ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ቤት ካረፈች ሳምንት ሆኗት፣ እህል በአፏ አልዞረም ማለት ይቻላል። እህቴ ሥራ ውላ፣ ልጆቿን አብልታ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ በየቀኑ ሾርባ ታመጣለች። እናቴ አንድ ማንኪያ ትቀምስና “በቃኝ፣ አንቺም አትልፊ” ብላ ትመልሰዋለች። ሐኪሙ “ካልበላች መልሳችሁ ታመጧታላችሁ” ብሎናል። ታዲያ አርብ ዕለት ሳይታሰብ “ቀይ ቦሎቄ በሩዝ ቢገኝ እሞክር ነበር” አለች።

“እኔ እሠራልሻለሁ!” አልኩ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። እስከዛሬ ያበሰልኩት እንቁላል ብቻ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ አይሳካም።

ቦሎቄውን ዘፍዝፌ አሳደርኩት። በማግስቱ እናቴ መድኃኒቷን ውጣ እንደተኛች ልጥደው ስል እህቴ የራሷን ቢላ በፎጣ ጠቅልላ ከተፍ አለች።

“ለቅመኸዋል?”

“ለቅሜዋለሁ።”

እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ አንድ ጠጠር አወጣችና መዳፌ ላይ አኖረችው። “ይሄ ምንድን ነው፣ ቅመም?”

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የእኔ አልነበረም። “ሽንኩርት እንዲህ ነው የሚከተፈው? ይሄማ ማገዶ ነው! ዞር በል።” “ጨው ገና ነው! ቦሎቄው ሳይለሰልስ ጨው አይነካም። ዞር በል።” ሩዙን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ቀጥሎ እኔን ታጥባለች ብዬ ሰጋሁ። ስልክ ልታናግር በረንዳ ስትወጣ ጊዜ አላጠፋሁም፣ ማንኪያውን ያዝኩ። ስትመለስ ሽንኩርቱ አርሯል።

“ምን ሲደረግ ነካኸው!” ብላ ደፋችው፣ እንደ አዲስ ከተፈች። እንግዲህ ለዚያ ምሳ ያደረግሁት አስተዋፅኦ አንድ ጠጠርና አንድ ያረረ ሽንኩርት ነው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ቦሎቄው ፍርክስ ብሎ፣ መረቁ ወፍሮ፣ ሩዙ ላይ ፈሰሰ። ስትነቃ ይዘንላት ገባን። እናቴ ሳህኑን ትኩር ብላ አየችው። ማንኪያውን አልነካችም።

“ማነው የሠራው?”

እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ ቀደመችኝ። “እሱ ነው። እኔ አሁን መድረሴ ነው።”

በቁንጥር ጨው እንኳ ያላመነችኝ ሴት ድስቱን በሙሉ ሰጠችኝ!

እናቴ ቀመሰች። ደገመች። እኔና እህቴ ማንኪያዋን በዓይናችን እየተከተልን ሳህኑ ባዶ ሆነ። “ትንሽ ጨምርልኝ” አለች። እህቴ ሳህኑን ልትቀበል እጇን ሰደደችና መልሳ ሰበሰበችው፣ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ኩሽና ተከትላኝ ስትገባ “ለምን ዋሸሽ?” አልኳት።

“እኔ ሠራሁት ብላት ‘ልጄን አደከምኳት’ ብላ ማንኪያውን ታስቀምጥ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሾርባዬን ለምን የመለሰችው ይመስልሃል? አንተ ግን ደክመህ ስለማታውቅ አታዝንልህም። ሂድ፣ ሳይቀዘቅዝ።”

እህቴን ያን ዕለት እንደወደድኳት ወድጃት አላውቅም።

እናቴ ሁለተኛውንም ሳህን ጨረሰች። ከዚያ ምንም ያልሠሩትን እጆቼን በሁለት እጇ ያዘች። “እጅህ ይባረክ። ያሰብከው ይሳካ፣ ልጆች ይውጡልህ፣ የሚደክምልህ አትጣ” እያለች መረቀችኝ። የሰው ምርቃት በእጄ ይዤ ዞር ብዬ እህቴን አየኋት። በሩን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ “አሜን፣ አሜን” ትላለች።