ቀዩ ቤት በቀኝ ነበር ወይስ በግራ

የእኛ ከተማ ሰው አድራሻ የሚሰጠው በሌለ ነገር ነው። ኮልፌ ውስጥ አንድ ሰው ቤቱን ሊያመላክታችሁ ሲፈልግ፣ «ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብለህ ትልቁ ባሕር ዛፍ ጋ ስትደርስ ደውልልኝ» ይላችኋል። ወፍጮ ቤቱ ፎቅ ሆኗል። ባሕር ዛፉም ከተቆረጠ ስንት ክረምት አልፎታል። ተሳፋሪው ግን «ዛፉ ጋ ወራጅ አለ!» ይላል፤ ሾፌሩም ቅንጣት ሳይጠራጠር ዛፉ የነበረበት ቦታ ላይ ቀጥ ያደርጋል። ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ይሄ ነገር ያበሳጨኝ ነበር። ካርታ እያለ ትዝታን ማን መንገድ መሪ አደረገው? እል ነበር። አሁን እንኳ ትንሽ ለዘብ ብያለሁ፤ ያለዘቡኝም ሁለት ጎረቤቶቼ ናቸው።

ጋሽ በዛብህና ጋሽ ሽብሩ አንድ አጥር የሚጋሩ ሰዎች ናቸው። ጋሽ በዛብህ የጎጃም ሰው፣ በጉብዝናቸው ዘመን ከአስመራ ምጽዋ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ጋሽ ሽብሩ የጉራጌ ሰው ናቸው፤ ኋላ ጦር ኃይሎች አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ከመክፈታቸው በፊት የጋሽ በዛብህ ረዳት ነበሩ። እኔ ደግሞ፣ አትሳቁብኝና፣ ባሕር አይቼ አላውቅም። ቀይ ባሕርን የማውቀው በጠመኔ ነው። ስለዚህ ምጽዋን ያየኋት በእነሱ አፍ ነው፤ ከባሕር በወጣ ድንጋይ የተሠሩትን ቤቶች፣ እንደ ወንፊት የተበሳሱትን የእንጨት መስኮቶች፣ ውሃው ዳር የቆመውን ባለ ጉልላት ቤተ መንግሥት፣ ደሴቶቹን ከየብሱ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ። እነሱ ግን ከዚያ ሁሉ አስበልጠው የሚወዱት አንድ ተራ ቤት ነበር። ቁልቁለቱ አልቆ ሙቀቱ ሲጀምር መንገድ ዳር የሚገኝ፣ ጣልያን ለመንገድ ጠባቂዎቹ የሠራው ቀይ ቤት። እዚያ ቆመው ለራዲያተሩ ውሃ ይጨምራሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ «ዛሬም ተረፍን» ይባባላሉ።

ያጣላቸውም ይኸው ቤት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሳንሱሲ ሰፈር ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ ጋሽ ሽብሩ፣ ጨዋታ ሲያደምቁ፣ «ቀዩ ቤት በቀኝ በኩል ነበር» አሉ። ጋሽ በዛብህ «በግራ ነው» አሉ። አንባቢዬ፣ አሁን ምን እንዳሰብክ አውቃለሁ። እኔም አስቤ፣ አስተማሪነቴም ገፋፍቶኝ፣ «ሲወርዱ በቀኝ ከሆነ ሲመለሱ በግራ ይሆናላ!» ብዬ ጣልቃ ገባሁ። ሁለቱም በሐዘኔታ አዩኝ።

«ሲወርዱ ነው የምንለው፣ መምህር» አሉኝ ጋሽ ሽብሩ። ከዚያ ወደ ጋሽ በዛብህ ዞሩ። «የቀኙን ገደል የምጠብቅልህ እኔ አልነበርኩ? በቀኝ ነው!»

«አንተ ምን ታውቃለህ? ተኝተህ ነበር!»

ድንኳኑ ሳቀ። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ቁልቁለት ላይ የረዳት ሥራ ምን መሰላችሁ? መንቃት ነው። ገደሉን ያያል፣ ሾፌሩን ያጫውታል፣ መኪናው ሲቆም ጎማው ሥር የሚወሸቀውን ታኮ ይዞ ይዘላል። ረዳትን ተኝተህ ነበር ማለት ቄስን ጾም ገድፈሃል እንደማለት ነው። ጋሽ ሽብሩ አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ዘጉ፣ ኮፍያቸውን አነሡና ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎን ለጎን እየኖሩ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ፣ ሰላምታ ቀረ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ብዬ ብመክር ማን ሰምቶኝ።

ዘንድሮ የጋሽ በዛብህ ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ ተፈለገና ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። እቃው እሑድ ሊጫን ሆነ። በዚህ ዕድሜ፣ በዚያ ርቀት፣ ተኳርፈው ከተለያዩ ዳግም የሚገናኙት በአንዳቸው ቀብር ላይ ነው። ይሄ እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሽብሩን በልመና ይዤ ጋሽ በዛብህ ቤት ሄድኩ። ወንበሩ ሁሉ ለጭነት ተደራርቦ ታስሯል፤ በታሰረ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። የጋሽ በዛብህ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ጥግ ላይ ሳህን በጋዜጣ ይጠቀልላሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንደኛው በሩን፣ አንደኛው ግድግዳውን ያያሉ።

እኔ የተማመንኩት በስልኬ ነበር። መጀመሪያ የምጽዋን ፎቶዎች አሳየኋቸው። ጉልላቱ ፈርሷል፤ የነዚያ ውብ ቤቶች ግድግዳ ተቦድሷል። ሁለቱም ሳያስቡት አንገታቸውን ወደ ስልኩ አሰገጉ። ከዚያ ከሰማይ የተነሣውን የመንገዱን ምስል አወጣሁ፣ ቁልቁለቱ የሚያልቅበትን ቦታ አሰፋሁት፣ በኩራትም ተናገርኩ፦

«ይኸውላችሁ! ቤቱ በቀኝም የለም፣ በግራም የለም። ቤት ከሌለ ጠብ የለም!»

ማንም አልሳቀም። የጋሽ በዛብህ ፊት ሲገረጣ አየሁት። መርዶ እንኳ ወጉ ተጠብቆ፣ ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው፤ እኔ ግን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ፣ ፈገግ ብዬ ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«የለም እንዴ?» አሉ ጋሽ በዛብህ ቀስ ብለው። ከዚያ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳያነሡ፣ «ሽብሩ» አሉ፣ «የተኛሁት እኔ ነኝ።»

እትዬ ዘውዴ መጠቅለሉን አቆሙ።

«አንዴ ቁልቁለቱ ላይ ከጭጋጉ እንደወጣን ዓይኔ ተከደነ። መሪውን ዘልለህ የያዝክ አንተ ነህ። የነቃሁት ቀዩ ቤት ስንደርስ ነው። ለቅሶው ላይ የተናገርኩትን... አንድ ቀን ታወጣብኛለህ ብዬ ስፈራ ስለኖርኩ ቀድሜ ባንተ ላይ አላከክሁት። ያን ጊዜ እንኳ መልስ እያለህ ዋጥከው።»

«ረዳት ሾፌሩን ሰው ፊት አያዋርድም» አሉ ጋሽ ሽብሩ፣ አሁንም በሩን እያዩ።

ጋሽ በዛብህ ከፍራሹ ወርደው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጋሽ ሽብሩ በብብታቸው ይዘው አነሷቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። እትዬ ዘውዴ አርባ ዓመት ባልሰሙት አደጋ አሁን ደነገጡና «በሞትኩት!» እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ጋሽ ሽብሩ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ፣ ጎንበስ ብለው የፍራሹን አንድ ጫፍ ያዙ፣ ለነገው ጭነት ወደ በሩ ሊያስጠጉት። ጋሽ በዛብህ ሌላውን ጫፍ አነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ጋሽ ሽብሩ ድንገት ቆሙ።

«ቆይ እንጂ፣ ከተኛህ ታዲያ ቤቱ በየት በኩል እንደነበር በምን አወቅህ?»

«ያን ቀን ነው እንጂ ሁልጊዜ ተኛሁ እንዴ! በግራ ነው!»

«በቀኝ ነው!»

ፍራሹን በመካከላቸው እንደያዙ በሩ ላይ ተገትረው ይከራከሩ ጀመር። እኔም ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ሌላ እቃ ለማንሣት ተነሣሁ።